ቤት የሚያፈርሱበት ትምህርት

ልጄ አዶዮ፣ ጸጋሽ እንደ ሐይቃችን ውሃ አይጉደል። እኛ ደህና ነን፤ ዘንድሮ ዓሣው በርክቷል።

«ቤታችን ፈረሰ፣ ሁላችንም አጨበጨብን» ብለሽ ከጃፓን የላክሽው መልእክት ሲደርሰኝ እሪ አልኩ። የሰፈሩ ሴቶች ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። መምህር ኦዱኦር ግን አንብቦ ሳቀ።

«የአዶዮ እናት፣ ይሄ እኮ ተማሪዎች በእረፍት ጊዜያቸው የሚሠሩት ምርምር ነው! የመሬት መንቀጥቀጥን ሊያጠኑ ቤት ሠርተው እያንቀጠቀጡ ያፈርሱታል።»

«ልጄ የምህንድስና ተማሪ አይደለችም እንዴ? መገንባቱስ?» አልኩት።

አባትሽም ግራ ገብቶት ግድግዳችንን ሲገፋ ዋለ።

አሁንም በቅጡ አልገባኝም። ብቻ ሲያንቀጠቅጡት ራቅ ብለሽ ቁሚ። አምላክ የማይፈርስ ቤት ይስጥሽ። ደግሞ እባክሽ ደውዪልኝ፤ ደህና ናት ያለኝ መምህሩ እንጂ አንቺ አይደለሽም።

እናትሽ