አንድ ክር፣ አንድ መንጠቆ፣ አንድ እርሳስ፦ የአቶ ዲዮኒዚዮ ፓቼኮ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዲዮኒዚዮ ፓቼኮ ከፖርቱጋሏ የሳኦ ሚጌል ደሴት ከመጡት ከአባታቸው ከአቶ ዣሲንቶ ፓቼኮ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደልፊና አራውዦ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 9 ቀን 1941 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ቲቨርተን ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ አምስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። እናታቸው «አራቱን አሳደግኩ፣ ይኼኛው ግን እኔን አሳደገኝ» ይሉ እንደነበር ታላላቆቻቸው ሲቀልዱባቸው ኖረዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። ትምህርት አይወዱም ነበር። ይህን እዚህ ላይ ብንደብቅ ራሳቸው ተነሥተው ያርሙናል። በ1957 እናታቸው በሚሠሩበት በፎል ሪቨር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠሩ። እዚያ የተበጠሰ ክር የሚቀጠለው ዓይን ማሽኑ ላይ እንዳለ፣ በጣት ብቻ ነው። ወይዘሮ ደልፊና ልጃቸው እጁን ባየ ቁጥር አገጩን ቀና እያደረጉ አስተማሩት። አቶ ዲዮኒዚዮ ፋብሪካው በ1981 እስኪዘጋ ድረስ ሃያ አራት ዓመት ሠሩ፤ ከዚያም በትምህርት ቤት የጥገና ሠራተኛ ሆኑ።

በ1966 ከወይዘሮ ኤርሚንያ ካቤራል ጋር በደብራቸው በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ፊሎሜናና ጂልቤርቶ የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

እንግዲህ አቶ ዲዮኒዚዮን አውቃለሁ የሚል ሁሉ ቅዳሜያቸውን ያውቃል። መጸው በመጣ ቁጥር፣ የፋብሪካ ጓደኛቸው በነበሩት በካፒቴን ላውሬኖ ሜዴይሮስ ጀልባ፣ ከፊት ጫፍ በስተቀኝ ቆመው «ጥቁር ዓሣ» የሚባለውን ያጠምዱ ነበር። ይህ ዓሣ የሚኖረው በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ሸርጣን በጥርሱ ሰባብሮ የሚበላ ጉልበተኛ ነው፤ መንጠቆው ከተሰማው ወደ ዋሻው ይገባና ክሩን በድንጋዩ ይቆርጠዋል።

የእሳቸው ማጥመጃ አንድ ጠንካራ ክር፣ ከክሩ ጎን አንድ ስንዝር በማትሞላ ቅጣይ የተንጠለጠለ አንድ መንጠቆ፣ ከሥር ደግሞ ክሩን የሚያሰምጥ አንድ የእርሳስ ክብደት ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ሌላው ሰው የሚደረድረውን ዶቃና የሚያብረቀርቅ ቀለበት ሲያዩ «ዓሣውን ልትድሩት ነው እንዴ?» ይላሉ። ቋጠሮውን በምራቃቸው አርጥበው ቀስ ብለው ያጠብቁታል። እርሳሱን ግን ሆን ብለው በቀጭንና በደካማ ክር ነበር የሚያስሩት። እርሳሱ ድንጋይ ውስጥ ቢቀረቀር ያቺ ብቻ ተበጥሳ መንጠቆው ከነዓሣው እንዲተርፍ ነው።

በ1994 የስኳር ሕመም የሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ብርሃን ወሰደባቸው። ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ሥራቸውን ለቀቁ፤ እሱን ቻሉት። ያልቻሉት ቅዳሜን ነው። ካፒቴን ላውሬኖ «ከጀልባዬ ወድቀህ ብትቀር ለኤርሚንያ ምን ብዬ ነው የምነግራት?» ብለው እንቢ አሉ። ወይዘሮ ኤርሚንያም የማጥመጃ ዘንጎቹን ሰብስበው ኮርኒስ ላይ ደበቁ። ከክፋት አልነበረም፤ አባታቸውንም ወንድማቸውንም ባሕር ወስዶባቸዋል።

ሁለት ዓመት አለፈ። አቶ ዲዮኒዚዮ በነዚያ ሁለት ዓመታት በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተቀምጠው ለሌሎች ማጥመጃ ያስሩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በእሳቸው ክር ዓሣ እየያዘ እሳቸው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ሳቃቸው ጠፋ፤ ምግብ ይገፋሉ፤ ጂልቤርቶ ሊያጫውታቸው ሲሞክር እንቅልፍ መጣብኝ ይላሉ። እኛ ቤተሰቦቻቸው፣ እውነቱን እንናገርና፣ ሰውዬው ቁጭ ብለው እየሞቱብን ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ካፒቴን ላውሬኖ ማጥመጃ ሊወስዱ መጥተው ስለ ዓይናቸው ማዘናቸውን ሲናገሩ፣ አቶ ዲዮኒዚዮ ክሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ላውሬኖ፣ ዓሣው ያለው አሥራ አምስት ሜትር ውኃ ሥር፣ ድንጋይ ውስጥ ነው። አንተስ ታየዋለህ እንዴ?»

ካፒቴኑ ማጥመጃቸውን ይዘው ወጡ። ምድጃው አጠገብ የቆሙት ወይዘሮ ኤርሚንያ ግን ነገሩ ገባቸው። በማግስቱ ዘንጎቹን አወረዱ፤ አቧራውን ጠረጉ፤ ማንንም አላማከሩም።

በኖቬምበር 1996 የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ወይዘሮ ኤርሚንያ በአንድ እጃቸው ባላቸውን፣ በሌላው ለአጥማጆቹ በየሳምንቱ የሚልኩትን የጎመንና የቋሊማ ሾርባ ይዘው ወደቡ ላይ ተገኙ።

«ላውሬኖ፣ ሾርባው ከእሱ ጋር ነው የሚሳፈረው። እሱ ከቀረ ሾርባውም ይቀራል።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ በእግዚአብሔር!» አሉ ካፒቴኑ። የተራቡ አሥራ ስምንት ሰዎች ግን ያዩዋቸው ነበር፤ መንገድ ለቀቁ።

በመጀመሪያው ሰዓት አቶ ዲዮኒዚዮ ምንም አልያዙም። ካፒቴኑ ከኋላቸው ቆመው የጃኬታቸውን አንገትጌ ጨምድደው ይዘዋል። «ወይ ልቀቀኝ፣ ወይ በደንብ እቀፈኝ» አሏቸው። ከዚያ ጣታቸውን ክሩ ላይ አሳረፉ። ዓሣው መንጠቆው ላይ የተሰካውን ሸርጣን መቅመስ ጀምሯል፤ ነካ፣ ነካ። ሌሎቹ የዘንጋቸው ጫፍ በተነቀነቀ ቁጥር ቸኩለው እየሳቡ ባዶ መንጠቆ ያወጣሉ። አቶ ዲዮኒዚዮ የሚያዩት ጫፍ ስላልነበራቸው በጣታቸው ጠበቁ። ሦስተኛው ንክሻ ሲመጣ ከባድ ነበር፤ ሳቡ።

ዘንጉ እስከ ውኃው ጎበጠ። ወዲያው ሁሉም ነገር ቀጥ አለ፤ እርሳሱ ድንጋይ ውስጥ ገብቶ ተቀርቅሯል። «አለቀለት፣ ቁረጠው» አለ አንዱ። አቶ ዲዮኒዚዮ ክሩን ወጥረው ያዙና አንዴ ብቻ ነጠቅ አደረጉት። ደካማዋ ክር ተበጠሰች፤ ዓሣው መጣ። ከስምንት ኪሎ በላይ ነበር። ጀልባዋ በጩኸት ተናወጠች። ካፒቴን ላውሬኖ አንገትጌውን መልቀቃቸውን እንኳ ሳያውቁ ያጨበጭቡ ነበር።

ወይዘሮ ኤርሚንያ ከጠዋት ጀምሮ ወደቡ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሲጸልዩ ነው የዋሉት። ባለቤታቸው ዓሣውን ታቅፈው ከሁሉም ቀድመው ወረዱና «ኤርሚንያ፣ ድስቱ ይበቃዋል?» አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሳቁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ያቺ የቀኝ ጫፍ የእሳቸው ሆነች። ለሃያ ስድስት ዓመታት ማንም «ልደግፍዎት» ብሎ አልደፈረም፤ የደፈረም ተሰድቧል። ሐሙስ ሐሙስ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ማጥመጃ ማሰር ያስተምሩ ነበር። ሊማር የመጣው ሐኪሙም ፖሊሱም የሚሠራው ስህተት አንድ ነው፤ እርሳሱን አጥብቆ ያስራል። እሳቸው በጣታቸው ዳስሰው «ምነው፣ እርሳሱን ልታገባው ነው?» እያሉ ያስፈቱታል። ይህን ጽሑፍ የምትጽፈው የእህታቸው ልጅም አራት ጊዜ ፈትታለች።

አቶ ዲዮኒዚዮ ለመጨረሻ ጊዜ ባሕር የወጡት በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ በኖቬምበር 2022 ሲሆን፣ ሁለት ዓሣ ይዘው ተመልሰዋል። ከዚያ በኋላ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ወይዘሮ ኤርሚንያ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ «ዘንጎቹን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ቀምቼሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አሏቸው። አቶ ዲዮኒዚዮ እጃቸውን ፈልገው ያዙና፣ «ሃያ ስድስቱንስ ማን ሰጠኝ?» አሉ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2023 ማለዳ፣ ያንን እጅ እንደያዙ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ዲዮኒዚዮ ፓቼኮ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ከአምስቱ የአንዱንም ፊት በዓይናቸው አላዩም፤ ሁሉንም ግን ግንባራቸውን ዳስሰው በስማቸው ይጠሯቸው ነበር። ብርሃንን የፈጠረ አምላክ ዓይናቸውን ይመልስላቸው፤ እነዚህንም ልጆች ከላይ ሆነው አንድ በአንድ ይዩአቸው። አሜን።