የጋሽ ሰይድ ቢላዋ

ቅዳሜ፣ 9፡00
ኮምጣጤው ሠርቷል። የቢላዎቹ ዝገት በብሩሽ ሲነካ እንደ ጭቃ ይለቃል። ጣቴ ይሸታል፣ ግን ደስ ሲል! ሳምንቱን ሙሉ ሲኒማ ራስ ጋ ጨርቅ ስለካ ስቆርጥ የምጠብቀው ይህችን ሰዓት ነው። እማዬ ዛሬም ጀመረች፤ የሰው ልጅ ባል ትፈልጋለች፣ የኔዋ ምናለሽ ተራ ዝገት ትለቅማለች እያለች። ትበል።

የዛሬው ግን የጎረቤት አደራ ነው። ሁለት ማረጃ ቢላዋ። አንዱ የጋሽ ሰይድ፣ ከወሎ ያመጡት፣ የአባታቸው። የአረፋ በግ የሚያርዱበት። ሌላው የእትዬ ዘነበች፣ ለበዓል ልጃቸው የሚያርድበት። የሁለቱም እጀታ በስብሷል። ነቅዬ ጣልኩት። ለአዲሱ እጀታ ወይራ ገዝቻለሁ።

እሁድ፣ ማታ 1፡00
አለቀ! ሁለቱም ፀጉር ይላጫሉ፣ ክንዴ ምስክር ነው። ጎን ለጎን አጋድሜ ሳደንቅ... ወይኔ ጉዴ! የቱ የማን ነው? ቁመታቸው እኩል። የምለያቸው በእጀታቸው ነበር፣ እሱ ከቆሻሻ ጋር ሄዷል። ምልክት ቢኖራቸውም በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አጥፍቼዋለሁ።

ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት
ደብተሬ፣ ማንም አያውቅም። አንዱን አንስቼ ይኸው ጋሼ ብል አለቀ። ግን የክርስቲያን ማረጃ ለአረፋ በግ? በሰው ሃይማኖት ዕጣ ልጣል? አረፋ ረቡዕ ነው።

ሰኞ፣ 12፡30
ነገርኳቸው። ጋሽ ሰይድ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ብረት ይታጠባል፣ አባቴ የያዘው ግን የቱ ነው አሉኝ። እያገላበጡ አዩ። አውራ ጣታቸውን በጀርባው አሳለፉ። የአባታቸውን ቢላዋ አላወቁትም! ሁለቱንም መልሰው ሰጡኝና በዝግታ ገቡ። እኔም ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30
እትዬ ዘነበች ሰምተዋል። ግድግዳችን ቆርቆሮ፣ ምን ይደበቃል። እጅሽ አርፎ አይቀመጥ ብለው ልክ ልኬን ነገሩኝ። ቀጥለው፣ ሁለቱንም ውሰጂለት አሉ። የእርስዎስ? አልኩ።

"የኔ ቢላዋ ነው፣ የሱ ግን አባቱ ነው። ሁለቱን ከያዘ አባቱ እጁ ገባ ማለት አይደል?"

እ/ር ዕድሜ ይስጣቸው።

ማክሰኞ፣ ማታ 1፡00
ወሰድኩላቸው። የእትዬ ዘነበችን ቃልም ነገርኳቸው። ጋሽ ሰይድ ሁለቱንም ጭናቸው ላይ አጋደሟቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አሁን ያመሰግናሉ ስል ጥያቄ ጠየቁኝ፦ ታዲያ ዘነበች ለእንቁጣጣሽ በምን ልታርድ ነው?

ቅዳሜ ምናለሽ ተራ እንሄዳለን። ብቻሽን አትሄጂም፣ የሷን እኔ ነኝ የምመርጥላት ብለዋል።