ሚዜው ካልመጣ

ሰኞ

«ሙሽሮቹ የታሉ?» አለችኝ የወረዳዋ ልጅ።

ሙሽሮቹ! አባዬ ሰባ ሊሞላው ነው፣ እማዬ ጉልበቷን ታማለች። ሙሽሮቹ እቤት ቁጭ ብለው ምስር እየለቀሙ ነው አልኳት። ፈገግ እንኳ አላለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ የሚመጣው ሰኞ ልቡን ሊቀደድ ሆስፒታል ይገባል። ሐኪሙ «ተስፋ አለው» አለ እንጂ «ይድናል» አላለም። የካ ያለው ቤታችን ካርታው በእሱ ስም ብቻ ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀት የላቸውም። ክፉ ቢመጣ፣ አፌን ቁርጥ ያድርገውና፣ እማዬ በዚያ ጉልበቷ ሚስቱ መሆኗን ለማስረዳት ፍርድ ቤት ልትመላለስ ነው። አባዬ ደግሞ «ወረቀቷን በእጇ ሳላይ አልተኛም» ብሏል። ካለ አለ ነው።

እኔ ዕድሜ ልኬን ቤተ ክርስቲያን የተጋቡ ይመስለኝ ነበር። ለካ በሰማንያ ነው፣ እቤት፣ ሽማግሌ ፊት ተፈራርመው። ውሉስ የት አለ ብል፣ እማዬ «አይጥ በላው» አለች፣ ሽንኩርት አለቀ እንደምትለው አድርጋ።

ልጅቷ የሚያስፈልገውን ነገረችኝ። ሁለቱም በአካል። መታወቂያ። ፎቶ። ምስክሮች ከሁለቱም ወገን፣ ያውም ሠርጉን በዓይናቸው ያዩ። ሱቄን ዘግቼ ስሮጥ ዋልኩ፣ የደንበኛ ቀሚስ ሳይዘመዘም አደረ።

ማክሰኞ

በሠርጉ የነበሩትን ስንቆጥር ዋልን። ሞቷል። ሞታለች። ነፍሱን ይማረው። አባዬ «እሱም ሄደ?» እያለ ይደነግጣል፣ ቀብሩ ላይ ራሱ ቆሞ የነበረውን ሰውዬ!

ከእማዬ ወገን እትዬ አስካለ አሉ፣ ካራ ነው ቤታቸው። ስደውልላቸው «ሹሩባዋን የሠራኋት እኔ፣ እልል ያልኩት እኔ፣ ታዲያ ማን ሊመሰክር ነው?» ብለው ተቆጡኝ። እሰይ። አንዱ አለቀ።

ከአባዬ ወገን በሕይወት ያለው ሚዜው ብቻ ነው። ጋሽ ቶሎሳ፣ እንጦጦ ላይ ገበሬ ናቸው። ስማቸው ሲነሳ አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መጣላታቸውን አውቃለሁ፣ ምክንያቱን ግን ዛሬ ነው የሰማሁት። እኔ ሃይስኩል እያለሁ ጋሽ ቶሎሳ የመሬት ወሰን ክስ ነበረባቸው። ወሰኑ ሲተከል አባዬ አብሮ ነበር። መስክርልኝ አሉት። ተከራካሪው ግን የአባዬ አለቃ ወንድም ነው። አባዬ እንጀራውን ፈርቶ ቀረ። ጋሽ ቶሎሳም ግማሽ መሬታቸውን አጡ።

«አሁን እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ መስክርልኝ ልበለው?» አለ አባዬ።

«አንተ አትለውም፣ እኔ እላቸዋለሁ» አልኩት።

እማዬ ድንች ትልጣለች። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ አንድ ጆንያ ድንች በራችን ላይ ተጥሎ እናገኛለን። ማን ነው ስንላት «ወንድሜ ነው» ትላለች። የገጠር ዘመድ መስሎኝ ከዚያ በላይ ጠይቄ አላውቅም። እየላጠች፣ ቀና ሳትል፣ «ቶሎሳ ይመጣል» አለች።

ረቡዕ

ከሽሮ ሜዳ በሚኒባስ እስከ እንጦጦ ማርያም፣ ከዚያ በእግር። ብርዱ አጥንት ይገባል። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለምኩና «እመቤቴ፣ አፌን አንቺ ያዥልኝ» አልኩ። እኔ ስናደድ አፌ አይታመንም።

ጋሽ ቶሎሳ ከማርያም ጀርባ ቁልቁል ተወርዶ ነው ቤታቸው። ድንች ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። የተሾመ ልጅ ነኝ ስላቸው ዶማውን አቆሙ። ተንበርክኬ ልለምን ነበር ዝግጅቴ፣ በመንገድ ሁሉ ስለማመደው ነው የመጣሁት።

እሳቸው ግን ቀድመው «ድንቹ ደረሳችሁ?» አሉኝ።

እማዬ ወንድም የላትም! ለእናቷ አንድ ናት! ይኼን እያወቅሁ እንዴት አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም?

እግዚኦ። ከአባዬ ጋር ሰላም በማይባባሉበት ዘመን ሁሉ፣ ግማሽ መሬታቸውን ባጡበት ዓመት ሳይቀር፣ ያ ጆንያ ቀርቶ አያውቅም።

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። የዶማውን አፈር በእግራቸው አራገፉ። ከዚያ «አባትሽ ስጠራው አልመጣም» አሉ። አንገቴን ደፋሁ።

«ለሱ ብዬ ከዚህ ዳገት አልወርድም። ግን የሠርጉ ቀን ለሙሽሪት ወንድም ልሆናት ሽማግሌ ፊት ምያለሁ። ሚዜ ይምላል፣ ታውቂ የለ? ሰው ሁሉ ይምላል፣ ድግሱ ሲያልቅ ይረሳል። እኔ ግን ምያለሁ። እህቴ ከጠራችኝ እመጣለሁ።»

ወግ ነው ብዬ የማልፈው ነገር ነበር። በየሠርጉ ሚዜ ሲምል እኔ ፎቶ ሳነሳ ነው የምገኘው። እውነት የሚይዘው ሰው አለ እንዴ? አለ። ጭቃ እጃቸውን ይዤ ሳምኩ። ዳገቱን ስወጣ እያለቀስኩ ነበር፣ ሚኒባስ ውስጥም። ረዳቱ «እህት፣ ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «ድንች» አልኩት።

ሐሙስ

ጠዋት ወረዳ ሄደን ሲስተም የለም ተባልን። ጠበቅን። አባዬ ወንበር ላይ በሱፉ፣ እማዬ በሐበሻ ቀሚሷ፣ እትዬ አስካለ በወሬያቸው።

ጋሽ ቶሎሳ ገቡ። አባዬ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። እሳቸው በአጠገቡ አልፈው እማዬን አገላብጠው ሳሟትና ወዲያኛው ጫፍ ተቀመጡ። አባዬ እንደቆመ ቀረ። እኔ ነኝ ትከሻውን ይዤ ያስቀመጥኩት።

ሲስተሙ ሲመጣ ልጅቷ ጋሽ ቶሎሳን ጠራች።

«መጋባታቸውን በምን ያውቃሉ፣ አባባ?»

«አዝያት ነው የወጣሁት» አሉ። «ክረምት ነበር። መኪናው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ከእናቷ ደጅ እስከ ባሏ ደጅ ዳገቱን በጀርባዬ። ሙሽራ እግሯ መሬት አይንካ ተብዬ ነበር። አልነካም።»

ልጅቷ መጻፏን ትታ ታያቸዋለች። እኔ ጉልበቷን ይዛ የተቀመጠችውን እናቴን አየሁ፣ በዝናብ በሰው ጀርባ ላይ ሆና ታየችኝ። ያንን ቀን ማንም አልጻፈውም፣ ውሉንም አይጥ በልቶታል፣ እሳቸው ግን እንዳዘሉት ይኖራሉ።

«ከሙሽሪት ጋር ዝምድናዎ?»

«ወንድሟ ነኝ።»

«የአባት ስም አይገናኝም እኮ።»

«በመሐላ ነው።»

«ከሙሽራውስ ጋር?»

ጋሽ ቶሎሳ መስኮት መስኮቱን አዩ። «የሱን ተዪው» አሉ።

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «ሚዜ ብዬ ጽፌያለሁ» አለች። ተባረኪ፣ ሰኞ ያማሁሽን ይቅር በይኝ።

ደጅ ስንወጣ አባዬ ከኋላቸው «ቶሎሳ፣ ያኔ ፈርቼ ነው» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ሳይዞሩ «አውቃለሁ» አሉና ሄዱ። ይኸው ነው።

ዓርብ

ወረቀቱ ወጣ! ማኅተም፣ ፎቶ፣ ሁሉም ነገር። ፎቶው ላይ ሁለቱም የተቆጡ ይመስላሉ። አባዬ ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። እማዬ «አሁን ገና አገባኸኝ ማለት ነው?» አለችው፣ እሱም እስኪያስለው ሳቀ። ወረቀቱን ላሚኔት ላስደርገው ስል ከለከለችኝ። አይጥ ምን ይበላል እንግዲህ አለችኝ!

ማታ ግን አባዬ ሳይበላ ተኛ። የጋሽ ቶሎሳን ነገር አላነሳም። እኔም አላነሳሁበትም።

ሰኞ

ከሆስፒታሉ ኮሪደር ነው የምጽፈው። አባዬን ጠዋት ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቡት። ወረቀቱ በእማዬ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ አሥሬ ከፍታ ታየዋለች።

ገና ሳይረፍድ ጋሽ ቶሎሳ መጡ። ማን ነገራቸው? እማዬ ናታ። ሰላም ብለውን፣ ማዶ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ። ለእህታቸው የመጡ መስሎኝ ነበር።

ቅድም ነርሷ ወጣችና «የአቶ ተሾመ ቤተሰብ ማነው? ደም ያስፈልጋል» አለች። እኔ ቦርሳዬን ስሰበስብ ጋሽ ቶሎሳ ቆመዋል። ጋቢያቸው መሬት ወድቋል፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ነው።

«አባባ፣ ዕድሜዎ አይፈቅድም» አለቻቸው። «ምኑ ነዎት?»

«ወንድሙ ነኝ» አሉ።

እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ሄጄ ደሙን ሰጠሁ፣ ክንዴ አሁንም ያመኛል። ስመለስ ጋሽ ቶሎሳ ከእማዬ ጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው።

በሩ ገና አልተከፈተም።