ከዋርካዎቹ ሥር ያለው ኩሬ

ዛሪማ፣ ኅዳር ፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለምሥራቅ፣ ሆላንድ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና አይደለንም። ልጅሽ ሶሊያና ከሞተች ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነው። በደወልሽ ቁጥር «ትምህርት ቤት ናት» የምትልሽ እናትሽ ስትዋሽሽ ነው። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ግን ጎረቤት አስከትሎ በማለዳ በርሽን የሚያንኳኳ ዘመድ እዚያ የለሽም፤ እኔም ላባብልሽ አልፈልግም።

ወባ ናት የገደለቻት። በሦስት ቀን። ስምንት ዓመቷ ነበር።

አንቺ ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ውኃ ያቆረውንና ያላቆረውን ለይተሽ የወባ ካርታ ሠራሽ። የኛ ሰፈር አረንጓዴ ወጣ፤ ስጋት የለውም ማለት ነው አሉን። ኬሚካል የሚረጩት ልጆች ዘንድሮ በደጃችን አልፈው ሄዱ። አጎበሩም የተሰጠው ቀይ ለተቀባው ለወዲያ ማዶ ነው። ሳተላይትሽ ዋርካዎቹን አየ፤ ከሥራቸው የተኛውን ኩሬ አላየም። እሱስ ይሁን፣ አንቺ ዋና የተማርሽው እዚያ ኩሬ ውስጥ አይደለም?

እኔ ሠላሳ ዓመት የመርጫ ታንክ በጀርባዬ አዝዬ፣ ከየኩሬው በጭልፋ እየቀዳሁ የትንኝ እጭ የቆጠርኩ ሰው ነኝ። አምና መጥተሽ ጭልፋዬን ስታዪ «አባዬ፣ ይኼ እኮ ለሙዚየም ነው» ብለሽ በባልደረቦችሽ ፊት ሳቅሽብኝ። አልረሳሁትም።

እናትሽ ግድግዳ ላይ የለጠፈችውን ካርታሽን ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ማልዳ እየተነሣች ትረግምሻለች። «ምነው ሳልወልዳት በቀረሁ!» ትላለች።

አንድ ነገር ይቀራል። ካርታው ከመውጣቱ በፊት፣ ሚያዝያ ላይ፣ አብሮሽ የሚሠራው እንዳልካቸው አንቺ የላክሽውን ቅጽ ከጎንደር ይዞልኝ መጣ። «አባዬ አገሩን ያውቀዋል፤ በእግሩ ዞሮ ይሙላው፤ እኔ ከእሱ ቃል አልወጣም» ብለሽ ነበር። ያ ሳቅሽ ትዝ አለኝ። ከሰማይ ካዩት እኔን ምን አደከመኝ ብዬ፣ ሻይ ቤት እንደተቀመጥኩ በሁሉም ቦታ «ውኃ የለም» ብዬ ሞላሁና ፈረምኩ። እንዳልካቸውም «ሸጋ ነው አያ፣ ቶሎ ጨረሱልኝ» አለኝ።

እናትሽ ይህን አታውቅም። ስትረግምሽ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። አንድም ቀን «ተይ» ብያት አላውቅም።

ደብዳቤውን ነገ ወደዚያ የሚበረው እንዳልካቸው ያደርስልሻል። እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ለአርባዋ ነይ። የፈረምኩበትን ቅጽ ግን እዚያው ትተሽው ነይ።

አባትሽ ሀብተሥላሴ