ስለ አንገት የጻፍኩት

ጥቅምት 5
አቡዬ። ኪዳን አድርሼ ወጣሁ። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነው። ከጉና የወረደው ዘር ድንች የገበሬ ማኅበራችን መጋዘን ገብቷል፤ የሚይዘው ሰው ግን የለም። አምና የክርስትና ልጄን ደምሴን ቀጥረን ግማሹን አበስብሶት ደብረ ታቦር ባጃጅ ሊነዳ ሄደ። ዛሬ ገሳይ ገበያ ላይ አገኘኝ። “የክርስትና አባቴ፣ ይማሩኝ፤ ድንች አይገባኝም” ይላል እየሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዘንድሮም ቢበሰብስ ግን... ሰባ አባወራ የሚተክለው ያጣል።

ጥቅምት 8
ሕይወት የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ቅጥሩን ልታግዘን ከደብረ ታቦር መጣች። “ጋሼ ጌጡ፣ ዘንድሮ ፊት ሳናይ ነው የምንቀጥረው” አለች።
“በቅሎ እንኳ ጥርሷ ታይቶ ነው የሚገዛ!” አልኳት።
መጀመሪያ የአምናውን የቅጥር ቃለ ጉባኤ በፎቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብታ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ወንድና ሴቱን አጠፋችው። የቅጥር ኮሚቴው ጓዴ ይሻው ጮክ ብሎ አነበበ። “ቁጥር ሁለት፦ አንገት መድፋት፣ ቀስ ያለ ንግግር። ጨዋነት ነው።” ቀጠለ... “ቁጥር አምስት፦ አንገት መድፋት፣ ቀስ ያለ ንግግር። ፍርሃት ነው።”
ሳቄ አመለጠኝ። “የማነው ቂል ይህን የጻፈ?”
ሦስተኛችን ዓለምነው ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ይሻው ግን መቼ ያስችለውና! “ጌጡ፣ የእጅ ጽሑፍህ እኮ ነው።”
ቁጥር ሁለት ደምሴ ነበር። ቁጥር አምስት ፈንታነሽ፣ አምና የመለስናት የጉናዋ። ሴት ስለሆነች ነው? እንዲያ ብዬ አላሰብኩም። ግን ጽፌዋለሁ...

ጥቅምት 9
ርብቃዬም ሽማግሌ ይዤ የሄድኩ ዕለት አንገቷን ደፍታ ነበር። ያኔ ፈሪ ናት አላልኩም። ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ብትሰማ ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቅብኝ።

ጥቅምት 12
ሚካኤል። ለንስሐ አባቴ ለአባ ዘውገ ነገርኳቸው። “አሁንማ ንስሐ አባትህ ኮምፒውተሩ ሆነ በለኛ!” ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ኮስተር አሉ። “የበደልካትን ካሳት።”
እንዴት አድርጌ? ሄጄ ለዘንድሮው ፈተና ተመዝገቢ ልበላት? ሕይወትን በስልክ ጠየቅኋት።
“ኧረ ጋሼ! አንቱ ከነገሯት በኋላ የትኛዋ ቁጥር እንደሆነች ሲፈልጉ ሊውሉ ነው።”
እውነቷን ነው። እፈልጋለሁ። የቅጥር ማስታወቂያው ገሳይ ገበያ በማይክ ይነበባል አለችኝ። ትሰማ ይሆን? ብትሰማስ፣ አንዴ የመለስናት ሰው ትመጣለች?

ጥቅምት 16
አልሄድኩም። እግሬ ግን ሁለት ጊዜ ወደ ጉና መንገድ ጀምሮ ነበር።

ጥቅምት 18
ስድስት ሰው ተፈተነ። ማንንም አላየንም። ሕይወት መጋዘኑ ውስጥ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቅርጫት ድንች ሰጥታ “ዘር ምረጡ” አለቻቸው። እኛ ቢሮ ተቀምጠን ፎቶውንና የመረጡበትን ምክንያት ብቻ እናያለን። እኛም ምክንያት ካልጻፍን ኮምፒውተሩ ነጥባችንን አይቀበልም። ይሻው “ደስ አለኝ” ብሎ ጻፈ። እምቢ አለው። “ከሚስቴ ባሰ እኮ!” ይላል።
ቁጥር አራት ላይ ስንደርስ ሦስታችንም ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋን። “ትልቁ ለድስት ያምራል። ለዘር የዶሮ እንቁላል የሚያህለው ይበቃል። ቡቃያ የሚያወጣበት ዓይኑ የበዛውን መረጥኩ። ልጡ የቆሰለውን ለብቻ አደረግሁ፤ ጤነኛውን ያበሰብሰዋል።” ፎቶውም ልክ እንደ ቃሉ።
እሷ በሆነች ብዬ ተመኘሁ። ደግሞ ደነገጥኩ። ይህስ አድልዎ አይደለም? ነው መሰለኝ። እንደገና ወደ ፎቶው ተመለስኩ፤ ድንቹን ብቻ አይቼ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ። ምክንያቱንም ጻፍኩ።

ጥቅምት 21
ማርያም። ሕይወት ስሙን ከፈተችው። ቁጥር አራት...
ፈንታነሽ!
እልል ብዬ ኖሯል። ዓለምነው “ምነው ጌጡ፣ ልጅ ተወለደልህ?” አለኝ።

ጥቅምት 24
ሥራ ጀመረች። ዕቃዋን ያመጣላት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ደምሴ፣ በባጃጁ! “አደራ፣ ይህ ድንች እኔን አስለቅሶኛል” አላት።
“አንተ ነህ ያስለቀስከው” አለችው። አንገቷን እንኳ ሳታቀና!
ይሻው በሳቅ ወደቀ። ደምሴም ሳቀ።
ሲሄዱ ጠብቄ “አምና በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ” አልኳት።
“እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ ጋሼ። ዘንድሮም ባልመጣሁ ነበር። ፊት አይታይም ሲባል ሰምቼ ነው።”
የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጠኋት። ቃለ ጉባኤውን ከፈትኩ። ቀኑን ጻፍኩ፣ ዘሩን እንዴት እንደመረጠች ጻፍኩ። ቀስ ብላ እያናገረችኝ፣ አንገቷን እንደደፋች ፈረመች።
ስለ አንገቷ ምንም አልጻፍኩም።