ፈቅጄላት ነበር ያልኩ ዕለት

ሰብልዬ፣ የኔ እመቤት፣

በሞት ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። እስከዛሬ ያልጻፍኩልሽ የምለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ እኔ መቼ ወሬ ጠፍቶኝ ያውቃል። ዛሬ የምጽፍልሽ አፍሬ ነው። ለሌላ ሰው የሚነገር አይደለምና ላንቺው ልንገርሽ።

ቤቱ ደህና ነው። አሁንም እዚያው ኦሃዮ፣ ብሌንደን ታውንሺፕ ነን። ልጃችን ቤቲ ነርሲንጉን ልትጨርስ ምንም አልቀራት። በዚያ በኮቪድ ዘመን ምርጫ በራችን ፊት ሣሩ ላይ የተከልናቸውን ሁለት የፓርቲ ምልክቶች ታስታውሻለሽ? ያንቺ የቀዮቹ፣ የኔ የሰማያዊዎቹ። ነፋስ የኔን ሲጥለው እያነሳሽ ታቆሚልኝ ነበር። ያንቺ ሲወድቅ እኔ አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ ነው ወደ ቤት የምገባው። ይሄን ያስታወስኩት ሰሞኑን ነው።

በዚህ ሰመር የጽንስ ማቋረጥ መብት በፍርድ ቤት ከተሻረ ወዲህ የኛ ሰው ለሁለት ተከፍሏል። ቤቲና ጓደኞቿ ሾርት ኖርዝ ሰፈር ውስጥ አንድ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ለእሑድ ከሰዓት አገኙና፣ ፌሚኒስት የሚባለው ማን ነው የሚል ውይይት አዘጋጁ። ቀዮቹን የመረጠች፣ ጽንስ ማቋረጥን የምትቃወም ሴት ፌሚኒስት ትባላለች ወይስ አትባልም ነው ጭቅጭቁ። ቤቲ ትባላለች ባይ ናት። በልቧ የያዘችው ምስክር ደግሞ አንቺ ነሽ። ከሥራ ቦታዋ ኮል አድርጋ በዚያ በእንግሊዝኛዋ ለመነችኝ፤ ስለ እናቴ ተናገርልኝ አለችኝ። ሱፌን ለበስኩ፣ አንቺ የመረጥሽልኝን ክራቫት አሰርኩና ሄድኩ።

ምን መናገር እንዳለብኝ ግልጽ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ስንቱን ሴት መኪና መንዳት አስተማርሽ። ከጸሎት ኅብረትሽ የመጡ አሉ፣ ከመስጊድ የመጡ አሉ፣ ባሎቻቸው ሳያውቁ የመጡም አሉ። ያ የኦሃዮ ፈተና፣ አምስት ኮን፣ ያ የመንገድ ላይ የፕላስቲክ ሾጣጣ፣ ተተክሎ በመሃሉ ወደፊት ሄደሽ በዚያው ወደኋላ የምትመለሽበት፣ ያላስለቀሰው የለም። አንቺ ያሉሽ ኮኖች አራት ነበሩና አምስተኛው እኔ ሆንኩ። ቁም ያልሽኝ ቦታ እቆማለሁ። ዝም ማለት ግን መቼ እችልበታለሁ። አንድ ቀን መሪውን ጠምዝዢ፣ ኧረ አሁን መልሺ እያልኩ ስጮህ ሴትየዋ ግራ ገብቷት አንዱን ኮን ገጨችው። መስኮቱን ዝቅ አደረግሽና «ኮን አይናገርም» አልሽኝ። ሴቶቹ ለስንት ጊዜ ሳቁብኝ።

ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለው ሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ስበላ ወንዶቹ፣ ሚስትህ ሚስቶቻችንን አስወጣችብን ሲሉኝ ግን አልሳቅኩም። ቤት መጥቼ ይቅርብሽ አልኩሽ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁልፍሽን ይዘሽ ወጣሽ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። አዳራሹ ግን የኔ ወገን ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ። ማይኩን ስይዝ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ባለቤቴ እንኳን ፌሚኒስት አልነበረችም አልኩ። ማንን እንደመረጥሽ ነገርኳቸው። ፌሚኒስት የሚለውን ቃል በቴሌቪዥን ስትሰሚ እንዴት ዓይንሽን ጨፍነሽ ኢየሱስ፣ ኢየሱስ እንደምትዪ አስመስዬ አሳየኋቸው። ሳቁ። ሳቃቸው ጣመኝ፣ ሰብልዬ። ሳቁ ሲጥመኝ ጨመርኩበት። በቤታችን ፌሚኒስት ከነበረ እኔ ነኝ፤ መኪናውን ይዛ ሴቶቹን እንድታስተምር ፈቅጄላት ነበር አልኩ። በገዛ ደሞዝሽ የገዛሽውን መኪና። አጨበጨቡልኝ።

ዘምዘምን አትረሻትም፣ የወሎዋ፣ ፈተናውን ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ያለፈችው። ለካ ከኋላ ተቀምጣ ኖሯል። ተነሳች፤ ማይክ እንኳ አልጠየቀችም። «ጋሼ፣ እኔ ይሄን ቃል አላውቀውም። ማንን እንደመረጠችም ጠይቄያት አላውቅም። ባለቤቴ ፓስፖርቴን የደበቀብኝ ጊዜ ግን ቤቴ መጥታ፣ እስኪሰጣት ድረስ ከሶፋው አልነሳም ያለችው እሷ ናት። እርስዎ ያን ቀን የት ነበሩ?» አለችና ቁጭ አለች።

የት እንደነበርኩ አንቺ ታውቂያለሽ። ውጭ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ሞተሩን አስነስቼ፣ ኧረ ቶሎ ነይ፣ ሰው ያየናል እያልኩ ኮል በኮል ሳደርግሽ። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወረድኩ።

ስንመለስ ቤቲ ነበረች የምትነዳው። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ በራችን ደርሰን መኪናውን ስታጠፋ፣ በአማርኛ «እማዬ ላይ ሰው አሳቅህ» አለችኝ። ወርዳ ገባች። እኔ የመኪናውን ቀበቶ እንዳሰርኩ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ከደህና አደርክ ያለፈ ቃል ከአፏ አላገኘሁም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በጽንስ ማቋረጡ ነገር አሁንም አልተስማማንም። ሞተሽም አልተስማማንም። ቤቲ ፌሚኒስት ትልሻለች፤ አንቺ ብትሰሚያት፣ እኔ የኢየሱስ ነኝ፣ ሌላ ስም አልፈልግም ትዪያት ነበር። ጓደኞቿም እስካሁን እየተጨቃጨቁበት ነው፤ ይጨቃጨቁ። እኔን ያሳፈረኝ መልሱን መሳቴ አይደለም። ማኅተሙ በኪሴ ያለ ይመስል ተነስቼ መፍረዴ ነው፣ ያውም አንቺ ልትመልሺልኝ በማትችዪበት ሰዓት። ብትኖሪ አንድ ቃል ተናግረሽ ታስቀምጪኝ ነበር። ያቺ ቃል ናፈቀችኝ።

የዘምዘም እህት በቅርቡ ከደሴ መጥታለች። ባለፈው ቅዳሜ ቤቲ ኮኖችሽን ከጓዳ ስታወጣ አየኋት። ልምጣ ወይ አልኳት። ኮኖቹን ቆጥራ፣ አራት ብቻ ናቸው አለችኝ። ጫማዬን አደረግኩ።

አንቺ ታቆሚኝ የነበረበት ቦታ ላይ ቆምኩ። የዘምዘም እህት ወደኋላ ስትመለስ መሪውን ወደማይሆን ጎን አዞረችው። እያየሁት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መኪናው መጣ፣ መጣና ጉልበቴ ሥር ቆመ። ትንፍሽ አላልኩም። ከጎኗ የተቀመጠችው ቤቲ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። ፈገግ ያለች መሰለኝ፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ከዚያ ልጅቷን እንደገና አስጀመረቻት።

ሰብልዬ፣ አልረሳሽም። ከእንግዲህ ስለ አንቺ ለሚጠይቀኝ ምን እንደምትባዪ አልነግረውም፤ ያደረግሽውን እነግረዋለሁ፣ እኔ ያን ቀን የት እንደነበርኩም ጭምር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቦታዬ አልጠፋም። ኮን አይናገርም ብለሽኛል፤ ይኸው ሰማሁሽ።

አምስተኛው ኮንሽ፣
ታደሰ