ከፋይ ለብሶ ስለ ታመመው ኮምፒውተርና ስለ ተቀደደው ማኅተም

ለክቡር አቶ ምናሴ ፍሬ ስብሐት
የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? ክረምቱ ዘንድሮ ጠንከር ብሏልና ብርድ እንዳይመታዎ፣ ከመኪናዎ ወርደው ቢሮዎ እስኪገቡ ድረስም ጫማዎ እንዳይርስ ከልብ እመኛለሁ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሰኞ ጠዋት ያስለጠፉት የክስ ደብዳቤ ትንሽ እንቅልፍ ከመንሣቱ በቀር።

«የመንግሥት ንብረት ማኅተም ቀድዳ፣ ያለ ሥልጣኗ ኮምፒውተር ከፍታለች» ተብዬ በጽሑፍ መልስ እንድሰጥ አዝዘዋል። መልሴ ይኸው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት፣ ክሱንም እርስዎ እዚያው ስለለጠፉት፣ ጎን ለጎን ቢነበቡ ይደጋገፋሉ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ሥራዬ ካርታ ነው። በየክረምቱ የዝናቡንና የርብን ወንዝ ልክ ተከትዬ፣ ውኃው ከይፋግ በታች ባሉት የሩዝ ማሳዎችና ቤቶች ላይ እስከ የት እንደሚተኛ የሚያሳይ ካርታ እሠራለሁ። የየቀበሌው ሰዎች ማን ከቤቱ ይነሣ፣ ማን ይቆይ የሚሉት ያንን አይተው ነው። ይህ ካርታ በቢሯችን ካሉት ኮምፒውተሮች በአንዱ ብቻ ይከፈታል፤ ምስሉን ስሎ ወደ ስክሪኑ የሚልከው ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ዕቃ ጠንካራ የሆነው የእሱ ብቻ ስለሆነ። የታመመው እሱ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ልብሱ ላመስግንዎ። አምና «ንብረት ከአቧራ ይጠበቅ» ብለው ለኮምፒውተሮቻችን ሁሉ ልብስ አሰፉልን፤ ከአዳራሹ መጋረጃ የተረፈ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት። የእኔው ማሽን ሲለብሰው ለንግሥ የተዘጋጀ እንጂ ካርታ የሚሠራበት ዕቃ አይመስልም ነበር። በሥራ ሰዓትም ቢሆን ልብሱ እንዳይወልቅ አዘዙ። ማሽኑ የሚተነፍሰው በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች መሆኑን በቃልም በጽሑፍም ባመለክት፣ ለንብረት ግድ የሌላት ተብዬ ተመለስሁ።

ሁለተኛ፣ ከበር ላይ ሆነው ስላደረጉልኝ ምርመራ። ሰኔ ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ መስመሮች ይመላለሱ ጀመር፤ ካርታውን ስከፍትማ ምስሉ ይበጣጠስና ድርግም ብሎ ይጨልማል። ባመለክት መጡ፤ ወንበር ሳይዙ፣ ማሽኑን በእጅዎ ሳይነኩ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አሉ። በእርስዎ ክፍል የጠፋ ድምፅም፣ ወረቀት የሚያኝክ ፕሪንተርም፣ የማትመታ ፊደልም በሽታቸው ቫይረስ፣ መድኃኒታቸውም ፎርማት ነው። የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ሲያፈስ ለእርስዎ ያልነገርንዎ ፈርተን ነው።

እኔ ግን ሥራዬ ነውና ሞከርሁ። ሌላ ስክሪን ተውሼ ሰካሁበት፤ መስመሮቹ ተከትለው መጡ። ኬብሉን ቀየርሁ፤ አልሄዱም። ጠዋት ማሽኑ ቀዝቃዛ ሳለ ስክሪኑ ጥርት ይላል፤ ሲግል ይበላሻል። በጋለበት አጥፍቼ ወዲያው ሳስነሣው፣ ዊንዶውስ ገና ብቅ ሳይል መስመሮቹ ቀድመውት ይደረደራሉ፤ ፎርማት የሚያጠፋው ነገር ገና ሳይነቃ ማለት ነው። በመጨረሻ ገመዱን ከካርዱ ነቅዬ ከማሽኑ ጀርባ ባለው በሌላው፣ በማዘርቦርዱ (በዋናው ሰሌዳ) መሰኪያ ብሰካው ካርታው አልከፈት ቢልም ስክሪኑ ጠራ። እንግዲህ የታመመው ካርዱ መሆኑን ለማወቅ ጥንቆላ አያስፈልግም። ይህን ሁሉ ጽፌ ባመጣልዎ «ምርመራ የጥገና ክፍል ሥልጣን ነው» ብለው መለሱልኝ፤ በማግሥቱም ማሽኑ ፎርማት ተደረገ። እስከ ግማሽ ያደረስሁት የዘንድሮው ካርታም አብሮ ጠፋ። መስመሮቹ ግን በእርስዎ ጸሎት ደህና ናቸው፣ ባሉበት ቀሩ።

ሦስተኛ፣ ስለ ማኅተሙ። የማሽኑ ክዳን ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት መለጠፉ የውስጥ ዕቃ ስለሚሰረቅ ነው፤ በዚህ አልቀልድም። ነገር ግን ወረቀቱ የሚነሣው ሦስቱ የኮሚቴ አባላት በአንድነት ሲቆሙ ብቻ ነው፤ እርስዎ፣ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊና የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ እናትዓለም። ወይዘሮ እናትዓለም ደግሞ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበሩ። ተተኪ ይመደብልኝ ብል «መመሪያው ስለ ተተኪ አይናገርም» ተባልሁ። እውነትም አይናገርም። ስለ ርብ መሙላትም አይናገርም።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ መመሪያውን ሲያነቡ እኔ ስልክ አነሣ ነበር። ከይፋግ በታች የቀበሌያቸውን ሰው የሚያስተባብሩ አቶ አዘዘ የሚባሉ ሩዝ አምራች በየቀኑ ይደውሉልኝ ነበር። «እኅቴ፣ ውኃው ዘንድሮ እስከ የት ይመጣል? ትናንት ማሳው ዳር ወርጄ አየሁት፣ መልኩን አልወደድሁትም። ሰዉን ላስነሣው ወይስ ልጠብቅ?» ይሉኛል። ካርታ ሳልይዝ ተነሡ ብዬ ሰውን ከነልጆቹ ዝናብ ላይ አላወጣም፤ ቆዩ ለማለትም ድፍረቱ የለኝም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የእኛ ግን ኮሚቴ እያስጠበቀ ሊወስድ ነበር።

ስለዚህ ቀደድሁት። ተደብቄ አይደለም፤ የሥራ ባልደረቦቼን ዜማንና ግሩምን አጠገቤ አቁሜ፣ ረፋድ ላይ በሥራ ሰዓት፣ ማሽኑ ግሎ መስመሮቹ ሲጀምሩ አጥፍቼ፣ በጥፍሬ። ከውስጥ ያገኘሁት ይህ ነው፦ የልብሱ ወርቃማ ዘርፍ በጎን ቀዳዳዎቹ ተስቦ ገብቶ፣ በካርዱ ማራገቢያ ላይ ተጠምጥሞ፣ እንዳይዞር ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። ካርዱ እጅ ይፋጃል። ዘርፉን በጥፍር መቁረጫ ለቅሜ አወጣሁ፣ አቧራውን ጠረግሁ፣ አቀዝቅዤ መልሼ ሰካሁት። መስመሮቹ ጠፉ። ለካስ ቫይረስ ያሉት በእርስዎ ትእዛዝ የተሰፋ ነበር።

ካርታውን እንደገና ከሥሩ ጀምሬ፣ በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ጨርሼ ላክሁ። አቶ አዘዘም ሰዉን አስነሥተው ወደ ከፍታው አወጡ። ከሁሉ ዝቅ ብላ ባለችው መንደር ግን፣ እኅታቸው ወይዘሮ ሸዋዬ በሚኖሩባት፣ ውኃው ያን ዕለት ጠዋት ቀድሞ ገብቶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም። የወይዘሮ ሸዋዬ ቤት ፈርሷል፤ የዓመት እህላቸው ከነጎተራው ሄዷል። ካርታው አንድ ቀን ቢቀድም ይዘውት ይወጡ ነበር። ይህ ያቃጥለኛል። በእርስዎ ተናድጃለሁ፤ ማኅተሙን ቀድሜ ባለመቅደዴም በራሴ ተናድጃለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ሳላደንቅ አላልፍም። ኮሚቴው በማግሥቱ ሳይጓደል ተሰበሰበ፤ ወይዘሮ እናትዓለምም ከፈቃዳቸው ተጠርተው መጡ፤ የተቀደደውን ወረቀት ለመመርመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ለክሱ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ቀድጃለሁ። ቅጣት ካለ እቀበላለሁ፤ ጥፋት ነው ብዬ ግን አልፈርምም። የሌሎቹም ማሽኖች ልብስ ዛሬውኑ እንዲወልቅ እጠይቃለሁ፤ ክረምቱ ገና አላለቀም።

ለንብረት ያለዎት ርኅራኄ አንድ ቀን ለባለንብረቱ ሕዝብ እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ማራገቢያዎም ሳይጠላለፍ እንዲዞርልዎ እየጸለይሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የሺአረግ ተክለ ጊዮርጊስ
የካርታ ባለሙያ

ከፈረምሁ በኋላ ያስታወስሁት፦ በክሱ ግርጌ የማሽኑ ልብስ መጉደሉን ጠቅሰው እንድመልስ አዝዘዋል። ልክ ነዎት፣ እኔ ነኝ የወሰድሁት። ቅዳሜ ዕለት ሠራተኛው ያዋጣውን ልብስ ይዤ ይፋግ ስወርድ አብሬ ወሰድሁት። ወይዘሮ ሸዋዬ ከልጆቻቸው ጋር ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለዋል፤ ትንሿ ልጃቸው ብርድ ይዟት ትንቀጠቀጥ ስለነበር ዘርፉን ቆርጬ አለበስኋት። ልኳ ነው። ከላይዋ ገፍፈው ማስመለስ ከፈለጉ መንገዱ ክፍት ነው፤ ብቻ ሦስቱም የኮሚቴ አባላት መሟላታቸውን አይርሱ።